አፍንጫዬ ያልነገረኝ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ያልተከፈተ ቀይ ወይን አለ፤ እሱን ካልቆጠርነው ማለቴ ነው። ለምን እንዳልተከፈተ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እስኪ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወይን እየቀመስኩ ግምገማ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያዘዘኝ የለም፣ የከፈለኝም የለም። ሙያዬ ኬሚስትሪ ነው። ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ስለካ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ሌላ ፈሳሽ ብርጭቆ ውስጥ እያሽከረከርኩ አመሻለሁ። እና በዘጠነኛው ዓመት አፍንጫዬ ጎዶሎ መሆኑን አወቅኩ። ጉንፋን አይደለም፣ አደጋም አልደረሰብኝም። ስወለድ ጀምሮ የጎደለ ነው። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

ወደ ወይን የገባሁት በፍቅር አይደለም፣ በንዴት ነው። የወይን ሰዎች ሲያወሩ መስማት አልችልም ነበር። «እርጥብ ድንጋይ፣ ያረጀ ቆዳ፣ የትምባሆ ሳጥን…» ይላሉ። የወይን ፍሬ ተጨምቆ፣ በእርሾ ፈልቶ የተሠራ ነገር ውስጥ ድንጋዩ ከየት መጣ? እንግዲህ እኔ ደግሞ ማሽን አለኝ። ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። ድብልቅ ታስገቡለታላችሁ፤ በውስጡ ያሉትን ተናኝ ነገሮች አንድ በአንድ ለያይቶ በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ይስልላችኋል። አንድ ምሽት ወይን አስገባሁለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላሾፍባቸው ነበር።

ማሽኑ ግን ያሾፈው በእኔ ነው። ወይን 85 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶው አልኮል ነው። ሰው ሲከራከርበት የሚያመሸው መዓዛ ሁሉ ያለው በቀረችው ጥቂት ውስጥ ነው፤ ከእሷም በትንሿ ክፍል። ወረቀቱ ላይ ግዙፍ ተራራ የሆነው ነገር አፍንጫ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል። መስመሩ ዝርግ በሆነበት ቦታ ደግሞ ኃይለኛ ሽታ ይኖራል። ስለዚህ የሽታ ተመራማሪዎች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ከማሽኑ መውጫ ላይ ሰው ያስቀምጣሉ። ሰውየው አፍንጫውን ቱቦው ላይ ደቅኖ «አሁን ሸተተኝ፣ አሁን ጠፋ» ይላል። ያን ሁሉ ውድ ዕቃ ገዝተን ጫፉ ላይ ያስቀመጥነው አፍንጫ ነው። ይህን ባወቅኩ ቀን በጣም ሳቅኩ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ቀይ ወይን አንዳንዴ አረንጓዴ ቃሪያ ይሸታል። ቅኔ አይደለም። ቃሪያውን ቃሪያ የሚያሸትተው ሞለኪውል ራሱ የወይኑ ፍሬ ውስጥም አለ። ከሜቶክሲፒራዚን ቤተሰብ ነው። የሰው አፍንጫ ውሃ ውስጥ በሊትር 2 ናኖግራም ገደማ ሲኖር ይለየዋል። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ግራም ወስዳችሁ 200 የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ብትበትኑት አፍንጫ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ካሰላሁ በኋላ በወይን ሰዎች መሳቄን ተውኩ። ድንጋዩ አሁንም አልዋጠልኝም፤ ለቃሪያው ግን እጅ ሰጠሁ።

ከዚያማ ያዘኝ። ደብተር ገዛሁ። ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ እሞላለሁ፣ አሽከረክራለሁ፣ አሸታለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ። አዎ፣ እተፋለሁ። ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚዋጥ ከሆነ የሚጽፈው እኔ ሳልሆን አልኮሉ ነው። ምላስ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ከዚህ ብዙም አያልፍም። አፍን እንደ ጨርቅ የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ልስላሴውን ያሳጣዋል። ሌላው ጣዕም የምንለው ሁሉ በጉሮሮ ኋላ ዞሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ ቅመሱ፤ ወይኑ ወዲያው ኮምጣጣ ውሃ ይሆንባችኋል።

ነጥብም እሰጥ ነበር፤ ከ100። ይህን አሰጣጥ በሰፊው ያስለመደው አሜሪካዊው ሐያሲ ሮበርት ፓርከር ነው። በነገራችን ላይ 100 ይባል እንጂ የሚጀምረው ከ50 ነው። ዝም ብሎ ብርጭቆ ውስጥ ለተገኘ 50 ነጥብ ይሰጠዋል ማለት ነው! እኔ ግን ወደድኩት። ቁጥር ስለሆነ ሳይንስ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጥፊ የመጣው ከቡሽ ነው። አንድ ወይን ቀምሼ «ነፍስ የሌለው፣ ደብዛዛ» ብዬ 79 ሰጠሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ወይን፣ ያው ዓመተ ምርት፣ ከሌላ ጠርሙስ ቀረበልኝ። ውብ ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያበላሸው ቲሲኤ የሚባል ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ። ሻጋታ ቡሽ ላይ ከክሎሪን ውህዶች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። በሊትር ጥቂት ናኖግራም ይበቃዋል። ሲበዛ እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ ያኔ ታውቁታላችሁ። ሲያንስ ግን ራሱ ሳይታወቅ የሌላውን ሽታ ያደበዝዛል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ የሽታ ሴሎችን ምልክት ይገታል። እንግዲህ አስቡት፤ ያልሸተተኝን ነገር የወይኑ ጥፋት አድርጌ ጽፌያለሁ። ይህችን ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ሁለተኛው ጥፊ ከራሴ ነው። ሮበርት ሆጅሰን የሚባሉ፣ ያስተምሩ የነበሩና የራሳቸው የወይን ጠመቃ ያላቸው ሰው፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የወይን ውድድር ዳኞችን ፈትነው ነበር። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ሳይነግሯቸው ሦስት ጊዜ ያቀርቡላቸዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት የሜዳሊያ ደረጃ ውስጥ ያስገቡት ከአሥር ዳኛ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሳነብ «እኔ ብሆን…» ብዬ በልቤ ተኮፈስኩ። ከዚያ ለምን አልሞክርም አልኩ። ባለቤቴ ስድስት ብርጭቆ ቀዳችልኝ፤ ሦስቱ ከአንድ ጠርሙስ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም።

ያው ወይን በሁለተኛው ብርጭቆ 91 አገኘ፤ በአራተኛው 84፤ በስድስተኛው 88። ለሁለተኛው «ረጅም፣ የተከበረ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለአራተኛው «ሰነፍ»። ኩም አልኩ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሬ ውስጥ ከተተችልኝ። ከነገ ጀምሮ ነጥብ የለም አልኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ በሰባት ነጥብ የሚዋዥቅ ሚዛን ቢኖረኝ ወደ ጥገና እልከዋለሁ እንጂ አልመዝንበትም።

በፈረንሳይ የቦርዶዎቹን ሙከራ ነገር ምናልባት ሰምታችኋል። ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ላይ ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም ጨምረው ለ54 የወይን ጠመቃ ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹም በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያወራው የወይን ቀማሾችን ለማዋረድ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ዓይን አፍንጫን ይቀድመዋል፣ በቃ። ጨለማ ውስጥ ብቀምስ እኔም ምን እንደምል እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ጎዶሎው አፍንጫ።

ሺራዝ የሚባል ቀይ ወይን አለ፤ ሲራም ይባላል። ሰዎች ስለ እሱ ሲጽፉ ሁልጊዜ «ቁንዶ በርበሬ» ይላሉ። እኔ ቃሉን እንደ ጌጥ እቆጥረው ነበር፤ እንደ ድንጋዩ። አንድ ማታ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሺራዝ ከፍተን ብርጭቆውን ገና ሳያሽከረክረው ፊቱ ፈካ። «ቁንዶ በርበሬው አይገርምህም?» አለኝ። «የቱ ቁንዶ በርበሬ?» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ያንን ሽታ የሚሰጠውን ሞለኪውል አግኝተው አሳተሙ። ሮተንደን ይባላል። ቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለውና ወይኑ ውስጥ ያለው አንድ ናቸው። አብዛኛው ሰው ውሃ ውስጥ በሊትር 8 ናኖግራም፣ ቀይ ወይን ውስጥ 16 ናኖግራም ሲሆን ይሸተዋል። ከፈተኗቸው ሰዎች 20 በመቶ ገደማዎቹ ግን በሊትር 4000 ናኖግራም ውሃ ውስጥ ሆኖም አልሸተታቸውም። ለሌላው ከሚበቃው 500 እጥፍ ነው እኮ! ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ባልደረባዬ ዝም ብሎ አላመነኝም፣ ኬሚስት ነዋ። ሮተንደን አገኘና ሦስት ሦስት ኩባያ አዘጋጀልኝ፤ ሁለቱ ባዶ ውሃ፣ አንዱ ሞለኪውሉ ያለበት። የተለየውን ምረጥ አለኝ። 12 ጊዜ ደጋገምነው። 4 ጊዜ አገኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በግምት ብመርጥ የምጠብቀው ውጤት ልክ ይሄ ነው፤ ከሦስት አንድ። እሱ ሲሞክር 12ቱንም አገኘ፤ ኩባያውን ገና ሳያነሳው።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ቁንዶ በርበሬ ስቀምስ ያቃጥለኛላ! ማቃጠሉ ግን ፒፐሪን የሚባል ሌላ ሞለኪውል ነው፤ እሱን የሚያውቀው የሕመም ነርቭ እንጂ አፍንጫ አይደለም። ቀሪው መዓዛም በከፊል ይደርሰኛል። ስለዚህ እኔ ዘንድ «ቁንዶ በርበሬ» የሚባል ነገር ሁልጊዜ ነበር፤ ከእናንተው ጋር አንድ አለመሆኑን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም እንጂ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አፍንጫም እንደዚያው ነው።

በሰው አፍንጫ ውስጥ 400 ገደማ ዓይነት ሽታ ተቀባዮች አሉ። የተቀባዮቹን ጂኖች ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረጉ፤ በ2004 ኖቤል ተሸለሙበት። አንዳችን ጋ የሚሠራው ሌላችን ጋ ደካማ ወይም ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። ይህን አስተምሬዋለሁ፣ በሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። አንድም ቀን ግን «የእኔስ የትኛው ይሆን?» ብዬ አላውቅም።

በዚያ ሳምንት የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። 31 የሺራዝ ግምገማ ጽፌያለሁ። በ22ቱ ላይ «ዝምተኛ» የሚል ቃል ወይም ወንድሙ አለ። «ንጹህ፣ ግን የሚናገረው የለውም» ይላል አንዱ። ምስኪን፣ እሱማ እየጮኸ ነበር። ደንቆሮው እኔ ነኝ። አንዳንዶቹን ሰው አንብቦ «ልክ ነህ፣ እኔም አልገዛውም» ብሎኛል፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

ልተወው አሰብኩ፣ እውነቴን ነው። ሁለት ወር ያህል ምንም አልጻፍኩም። ግን ምን አናደደኝ መሰላችሁ? ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት ስናወጣ በየትኛው መሣሪያ እንደለካን፣ መሣሪያው ከስንት በታች ማየት እንደማይችል እንጽፋለን። ያንን ያልጻፈ ሪፖርት ይመለሳል። የወይን ግምገማ ግን መሣሪያውን አይገልጽም። «ይህ ወይን ዝምተኛ ነው» ይላል፤ «ይህ ወይን እኔ ዘንድ ዝም አለ» አይልም። የማይሸተው ነገር የሌለ ቀማሽ ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ግን አፉን ሞልቶ ይጽፋል፣ እኔም ስጽፍ ነበር።

አሁን ገጹ አናት ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ስንት ሰዓት ነው፣ ስንተኛ ብርጭቆ ነው፣ ጠርሙሱን አይቼ ነው ወይስ በጨርቅ ተሸፍኖ። ከስሩ «ሮተንደን አይሸተኝም» ይላል። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «የሐኪም ማዘዣ አስመሰልከው» አለች። ሲያምር አያምርም፣ እስማማለሁ።

ገጹንም ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በግራ እኔ፣ በቀኝ ባልደረባዬ። ሳንነጋገር ነው የምንጽፈው። ባለፈው ያመጣነው ሺራዝ ላይ የእሱ ዓምድ «ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር እንጆሪ፣ ጭስ» ይላል። የእኔ «ጥቁር እንጆሪ፣ ጭስ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነገር» ይላል። ብረቱ እሱ ጋ የለም። እሱ ያልሸተተው ነገር ይሁን ወይስ እኔ የፈጠርኩት፣ ገና አልፈተንነውም። ኩባያዎቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ በዚህኛው የማሽተቱ ተራ የእሱ ነው።

አዎ፣ ጠርሙሱ። ዛሬ ማታ ልንከፍተው ነበር፤ ማይክሮፎኑ ፊት ልናደርገው አስበን ነበር። ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ደወለ። ድምፁ ታፍኗል፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ምንም አይሸተውም። ስለዚህ እዚሁ ይቆያል። እስኪሻለው አልነካውም፣ ቃል ገብቻለሁ። በሉ፣ ደህና አምሹ።