ሰባት ዓመት የሚያስጠብቅ ወተት

[ምስል፦ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ መንደር፣ የቅንጭብ አጥር]

ቅንጭብ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ? ጎጃም ያደገ ልጅ ሳይሞክረው አይቀርም። ቅርንጫፏ ቀጭ ስትል ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ወዲያው ከጓሮ የእናት ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ ዓይንህን እንዳትነካበት!»

የጎማ ዛፍ የዚህች ቅንጭብ ዘመድ ነው። ቤተሰባቸው አንድ ነው። የጎማ ዛፍ ወተት ላቴክስ ይባላል፤ ሲሶ ያህሉ ጎማ፣ የሚበዛው ውሃ ነው። የባጃጁ ጎማም፣ የአያቶቻችን በረባሶም መነሻቸው እዚያ ነው።

[ምስል፦ በቅርፊት ላይ ሰያፍ ጭረት፣ ከሥሩ የታሰረ ኩባያ]

ሠራተኛው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ፀሐይ ሳይከር ዛፉ ውሃ ስለሚሞላ ወተቱ በግፊት ይወጣል። ቅርፊቱን በስሱ ይጭረዋል። ጠለቅ ካለ ዛፉ ይጎዳል። ወተቱ ጭረቱን ተከትሎ ወደ ኩባያው ይወርዳል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ይቆማል። በወተቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይፈነዱና ፈሳሹን ያረጉታል። ዛፉ ቁስሉን እየደፈነ ነው።

ታዲያ ምርቱን እንዴት እናሳድግ? እስካሁን የተሠራው በማዳቀል ነው። ችግሩ ግን ዘሩ ጠባብ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ከብራዚል 70,000 ያህል ፍሬ ወደ ለንደን ወሰደ። የበቀሉት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ዛሬ አብዛኛውን የዓለም ጎማ የሚሰጡት የእስያ ዛፎች በብዛት የእነዚያ ልጆች ናቸው። ዘመድ ከዘመድ እያዳቀሉ አዲስ ጠባይ ማግኘት ከባድ ነው።

የዘረመል ምሕንድስና የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ የራሱን ዘረመል ወደ ተክል ህዋስ ማስገባት ይችላል። ተመራማሪዎች በሽታ የሚያመጣውን ክፍል ያወጡና የሚፈልጉትን ጂን፣ ማለትም የአንድ ጠባይ መመሪያ የያዘ የዘረመል ቁራጭ፣ ይጭኑበታል። ጂኑ ከገባበት ህዋስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሙሉ ችግኝ ያሳድጋሉ። ከዚያ እንደ አቮካዶ ችግኝ ነው፤ እምቡጡን በሌላ ግንድ ላይ እያጣበቁ ያባዙታል።

ጎማ የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ጂን ማጠናከር አንዱ መንገድ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የሕንዱ ሙከራ ነው። ሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ እኛ ጋ ገበሬው ማሳ ላይ እያለ፣ አሳም ውስጥ ጉዋሃቲ አጠገብ አንድ የጎማ ችግኝ ተተከለ። ጂኑ የተወሰደው ከራሱ ከጎማ ዛፍ ነው፤ የተጨመረው ቅጂው ነው። ሥራው ተክሉ በብርድና በድርቅ ሲጨነቅ በህዋሱ ውስጥ የሚፈጠረውን ጎጂ ኦክስጅን ማጽዳት ነው። አሳም ውስጥ በብርዱ ወራት የለጋ ችግኝ እድገት ይገታል። ብርዱን የሚችል ዛፍ ቶሎ ይደርሳል የሚል ተስፋ ነው።

[ምስል፦ የዓባይ ሸለቆ ከደጀን]

ጎጃም ላይ የጎማ ዛፍ ትከሉ ማለቴ አይደለም። ዛፉ ሞቃት ቆላና ዓመቱን ሙሉ የማይርቅ ዝናብ ይወዳል። ቾቄ ይበርደዋል፤ የዓባይ በረሃ ደግሞ ይሞቃል እንጂ በጋው ረጅም ነው። በአገራችን የተሞከረው በደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጉራፈርዳ ነው።

ግን የአዊ ገበሬ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ይገባዋል። ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ በአራት አምስት ዓመት ከሰል ያወጣል። የጎማ ዛፍ የመጀመሪያ ጭረቱ ብቻ ሰባት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ተመራማሪውም እንዲሁ፤ ጂኑ በላብራቶሪ ቢሠራም ወተቱ መብዛቱን የሚያውቀው ዛፉ ሲጫር ነው። የአሳሙ ችግኝ እንደ ተራ ዛፍ ቢያድግ ወደ 2020 ዓ.ም. ግድም ኩባያ ይታሰርበታል።