አያቴ፣ ጎንደር ሐኑካ ነበር?

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ልጆች፣ እንኳን ለብርሃን በዓላችን ለሐኑካ የመጀመሪያ ሌሊት በሰላም አደረሳችሁ!

አምና የስድስት ዓመት ልጄ እናቴን ጠየቀቻት። «አያቴ፣ ጎንደር ሐኑካ ስታበሩ ሱፍጋኒያ ነበር?» የሐኑካውን ዶናት ማለቷ ነው። እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አደረገች። «ሐኑካን እኛ አናውቀውም ነበር፣ የኔ ልጅ» አለች። ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

እውነቷን ነው። እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ፋሲካን፣ አስተስርዮን፣ ስግድን ይዘን ኖረናል። ሐኑካን ያወቅነው እዚህ እስራኤል ከገባን በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ብዙ አያቶች ዳር ይቀመጣሉ። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ።

ልጆች፣ እስቲ ስሙኝ። የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ አንጥዮኮስ የሚባል ንጉሥ ነበር። ሰንበት አትጠብቁ፣ ልጆቻችሁን አትግረዙ ብሎ አዘዘ። የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ። ሞዲዒን በምትባል መንደር ማታትያስ የሚባል ሽማግሌ ካህን እምቢ አለ። አምስት ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራ ሸሸ። እሱ ሲሞት ልጁ ይሁዳ መቃቢ ጦሩን መራ። መቅደሱን መልሰው አጸዱት፣ መቅረዙን አበሩ። ሐኑካ ማለት ምረቃ ነው።

የአንድ ቀን ዘይት ስምንት ቀን መብራቷን ደግሞ የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ፣ ታልሙድ፣ ይነግረናል። ልጆች ይቺን ታሪክ ይወዷታል፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን ብቻዋን አትነገር። ከዘይቷ በፊት እምቢ ያለ ሰው አለ።

እናቶች፣ ይሄን እምቢታ ከእናንተ በላይ ማን ያውቀዋል? ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ምድጃ ውስጥ ያለውን እሳት ታጠፉ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ኢየሩሳሌም ብላችሁ በእግር ሱዳን የገባችሁትም እናንተ ናችሁ። ልጆቻችን ይሁዳን ያውቁታል፤ የእናንተን መንገድ ግን ስንቶቹ ሰምተውታል?

የሐኑካ ሻማ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይበራል። በብርሃኑ ሥራ አይሠራም፤ ለማየት ብቻ ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት ለአያቶች እንስጣት። ስልኩ ይቀመጥ። አንድ ማታ ስለ ሰንበት እሳት ያውሩ፣ አንድ ማታ ስለ ሱዳን በረሃ። በየማታው አንድ ሻማ እንጨምር የለ? ወሬውም እንደዚያው ይጨመር።

እማዬ፣ እስቲ ነይ። ሻማሹን ያዢ። ስሙ ከእኛ ሻማ ጋር ቢመሳሰልም አገልጋይ ማለት ነው፤ ሌሎቹን የሚያበራው እሱ ነው። ልጆች፣ ጠጋ በሉ፣ አያቴ ልትጀምር ነው በሉ።