ካልኩለስ ወስጃለሁ እኮ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ስኮላርሺፕ ልናወራ ነበር የተቀጣጠርነው፤ ግን ያቺ የድምፅ መልእክት ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አሜሪካ የምትማር ልጅ ናት፤ ሜጀሯ (ዋናው ትምህርቷ) ኢኮኖሚክስ፣ ማይነሯ (ተጨማሪ ንዑስ ትምህርቷ) ሒሳብ። «ካልኩለስ ወስጃለሁ እኮ! ኤ ነው ያገኘሁት። ለምንድነው የማይቆጠርልኝ?»

ያቺ «እኮ»... ደጋግሜ ሰማኋት። ልጅቷ ልክ ናት። ወስዳለች። የወሰደችው ግን ቢዝነስ ካልኩለስ ነው፤ ለቢዝነስ ተማሪዎች ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀው። ብዙ የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ለዲግሪያቸው ይቀበሉታል፤ ስለዚህ አንደኛ ዓመት ላይ ማንም አያስቆማትም። ለማይነሯ የሒሳብ ክፍሉ ጋ ስትሄድ ነው በሩ የሚዘጋው። ቢዝነስ ካልኩለስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይንና ኮሳይንን ይዘላል፤ ካልኩለስ 2 ደግሞ ኢንቴግራል ሲጀምር እነሱን እንደምታውቂ ቆጥሮ ነው። እንግዲህ ካልኩለስ 1ን ከዜሮ ትጀምራለች። በዚያ ላይ የሁለቱ ይዘት ስለሚደራረብ ብዙ ቦታ ክሬዲት የሚሰጡት ለአንዱ ብቻ ነው። ለዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ገደማ ክሬዲት ላይ 3 ወይም 4 እንዲሁ ቀለጠ ማለት ነው።

«ካልኩለስ ወስጃለሁ እኮ።» አዎ፣ እህቴ።

የሚያሳስበኝ ክሬዲቱ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ነው። ካልኩለስ 1፣ 2፣ 3፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ከዚያ የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) አጻጻፍ ኮርስ፣ ከዚያ ሪል አናሊሲስ፣ ማለትም ካልኩለስን ከሥሩ የሚያረጋግጠው ኮርስ። አብዛኛውን ጊዜ የቀደመውን ሳትጨርሺ የሚቀጥለውን አያስመዘግቡሽም፤ ሲ ካላመጣሽም ብዙ ቦታ አያሳልፉሽም። ሪል አናሊሲስን በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ ክፍሎች አሉ። የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ሪል አናሊሲስ አራተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ከደረሰ፣ ማመልከቻውን የሚገመግሙት ውጤቱን አያዩትም።

ይልቅ... ሒሳቡ ራሱ እንዴት እንደሚያምር ልንገራችሁ። 12 ዶላር አለሽ። አንዱ ሳምቡሳ 2 ዶላር፣ አንዱ ሻይ 1 ዶላር ነው። እርካታሽ የሁለቱ ብዛት ሲባዛ ነው እንበል። በላግራንዥ፣ በተወሰነ በጀት ከፍተኛውን በሚፈልገው የካልኩለስ ዘዴ፣ ስትሠሪው 3 ሳምቡሳ፣ 6 ሻይ፤ እርካታው 18። ላምዳው፣ ዘዴው በበጀቱ ላይ የሚያባዛው ቁጥር፣ 3 ይወጣል። ያ 3 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ አንድ ዶላር ቢጨመርልሽ እርካታሽ በግምት በ3 ያድጋል እያለሽ ነው። በ13 ዶላር 21.125 ይሆናል፤ አስሉት። ኢንተርሚዲየት ማይክሮ (መካከለኛው የማይክሮኢኮኖሚክስ ኮርስ) ላይ ይህን በቃል ሸምድዶ የሚያልፍ አለ፤ ካልኩለስ 3 የወሰደ ግን ከየት እንደመጣ ያያል። ኢኮኖሜትሪክስም፣ ኢኮኖሚን በዳታና በስታቲስቲክስ የሚለካው ትምህርት፣ እንደዚያው ነው። የዳታ ሠንጠረዥሽ ውስጥ ቋሚውን (ሁሉም 1 የሆነውን ዓምድ)፣ የወንድ ዓምድና የሴት ዓምድ አንድ ላይ ካስገባሽ የወንዱና የሴቱ ተደምረው ቋሚውን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ለስሌቱ የሚያስፈልገው ማትሪክስ አይገለበጥም። ሊኒየር አልጀብራ የሌለው ሰው ሶፍትዌሩ ለምን አንዱን እንደጣለበት ግራ ይገባዋል።

ብቻ... በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ላላችሁ አንድ ነገር ላስገባ፤ ማይነር የስቴም ማራዘሚያን፣ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ በ24 ወር የሚያራዝመውን፣ አያስገኝም። ያ 24 ወር የሚመጣው በሜጀሩ የትምህርት ዘርፍ ኮድ ነው። ኢኮኖሜትሪክስና ኳንቲታቲቭ ኢኮኖሚክስ 45.0603 ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጠቅላላው ኢኮኖሚክስ፣ 45.0601፣ የለም። ኮዳችሁ አይ-20ያችሁ (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሰጣችሁ ቅጽ) ላይ ተጽፏል፤ ዛሬውኑ እዩት። የገባችሁበትን ዓመት ካታሎግም አውጡ፤ ለሜጀሩም ለማይነሩም የሚቆጠረው ስንት ኮርስ እንደሆነ እዚያው ነው ያለው። ሁለት ኮርስ ብቻ ለሁለቱም እንዲቆጠር የሚፈቅዱ አሉ፤ ምንም የማይፈቅዱም አሉ።

ለሷ ምን ልበላት? ፒኤችዲ ካላሰበች ማይነሩን ትታ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ብቻ ብትወስድ... ግን ሊኒየር አልጀብራም ካልኩለስ 2 የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ስንተኛ ሴሚስተር ላይ እንዳለሽ አልነገርሽኝም። ሁለተኛው ከሆነ ሰመር ላይ ካልኩለስ 1ን ጨርሰሽ ትደርሻለሽ። አምስተኛው ከሆነ ግን... በስድስት ሳምንት ካልኩለስ 1፣ በስድስት ሳምንት ካልኩለስ 2... ያን ሁሉ ኢንቴግራል በስድስት ሳምንት...

እስቲ መልሰሽ ድምፅ ላኪልኝ።