ከጀማሪው መምህር ጎን ማን አለ?

በዓመቱ መክፈቻ የመምህራን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ የሴኔት አባላት፣ ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ረዳት ምሩቃንና ሌክቸረሮች፤ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ የመምህራንና የተመራማሪዎች የሙያ እድገት የሚል ሰፊ ርዕስ ነው። እኔ ግን በአንድ ጥያቄ ላይ እቆያለሁ፤ በመምህርነት ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ዓመታት ከጎኑ ማን አለ? ይህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ ስለ ትምህርት ጥራትም ሆነ ስለ ምርምር የምናወጣው እቅድ መሠረት አይኖረውም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ከራሴ ልጀምር። ሐምሌ ላይ ተመርቄ ጥቅምት ላይ በሌላ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ክፍል ገባሁ። ከጥቂት ወራት በፊት እኔ ራሴ በተማሪ ወንበር ላይ ነበርኩ። በእጄ የነበረው የቅጥር ደብዳቤ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ትቶት የሄደ፣ ደጋግሞ ፎቶ ኮፒ ከመደረጉ የተነሳ የዳር ፊደሎቹ የተበሉ ሃንድአውት ነው። ያንን ሃንድአውት ሌሊት አነበዋለሁ፤ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ከሰሌዳው ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል። በ2 ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ክፍሌ ገብቶ ሳስተምር አላየኝም። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎች ግምገማ ውጤት በቁጥር ይደርሰኛል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ምን እንዳጎደልኩ፣ ከፍ ሲል ምን እንዳሻሻልኩ የሚነግረኝ አልነበረም።

ምርምሩም እንደዚያው ነበር። የአፈር ሳይንስ ሰው ነኝና ናሙና መውሰድ ያለብኝ ገበሬው ከመዝራቱና ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ነው። ፕሮፖዛሌ በጊዜ ጸድቆ ሳለ ገንዘቡ የተለቀቀው ሰኔ ከገባ በኋላ ሆነ። ለናሙና ከረጢትና ለመሰርሰሪያ 3 ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ መኪና ተፈቅዶ፣ ውሎ አበል ተፈርሞ ማሳው ላይ ስደርስ ገበሬው ዘርቶ ጨርሷል፤ ማዳበሪያው ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ ተደረገ፤ እኔም ሌላ ዓመት ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ልምድ ያለው አንድ ሰው ከጎኔ ቢኖር ኖሮ፣ «መሰርሰሪያውን ከላቦራቶሪው ተውሰህ በሚያዝያ ውጣ፤ ገንዘብ የሚያስፈልግህ ለትንተናው ነው፤ እርሱ ደግሞ ይደርሳል» ይለኝ ነበር። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔን ግን ከአንድ ዓመት ኪሳራ ያድነኝ ነበር።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ነባር መምህራን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጥቂት ነበሩ። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1990 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የመንግሥት ተቋማት አዲስ አበባና አለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ መስፋፋት በሩቅ ገጠር ላለው ልጅ የከፈተለትን በር አቅልዬ አላይም፤ እኔ ራሴ በዚያ በር ከገቡት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ሕንጻ በ3 ወይም በ4 ዓመት ይቆማል፤ አንድን ሰው ከረዳት ምሩቅነት እስከ ፕሮፌሰርነት ለማድረስ ግን 15 እና 20 ዓመት ያስፈልጋል። በመካከሉ የተፈጠረውን ክፍተት የሞሉት ወጣቶች ናቸው። ጥቂቶቹ ነባሮች ደግሞ የድህረ ምረቃ ተማሪ ሲያማክሩ፣ በኮሚቴ ሲሰበሰቡ፣ የኃላፊነት ወንበር ሲይዙ ይውላሉ። ጀማሪውን ማገዝ በማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ ስላልተጻፈ ለሰው ደግነት ተተወ፤ ደግ ሰው የገጠመው አደገ፣ ያልገጠመው በራሱ ወጣ ወይም ቀረ።

አንድ ተመራማሪ ከጎኑ ተቋም ሲቆም ምን እንደሚደረስ ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ ሲሄዱ ገና ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዱ የእንዶዱን አረፋ እንዲጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በእርሳቸው መሥራችነት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ ስማቸውን ይዞ ይገኛል። በአድዋ ለ5 ዓመት የዘለቀ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይህን ታሪክ ስናወራ ሁላችንም የምንወደው የወንዙን ዳር ክፍል ነው። እኔ ግን ለወጣት ባልደረቦቼ ስነግር የማተኩረው በቀጣዩ ክፍል ላይ ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አለ። ዓይን ያለው ሰው የሞተውን ቀንድ አውጣ በአንድ ጠዋት ሊያየው ይችላል፤ ያየውን ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ፣ መድኃኒትነቱን መጥኖ፣ ተመልሶ በዚያው ወንዝ ላይ ለዓመታት መፈተን ግን ሥራ ክፍል፣ ባልደረባ፣ በጀትና ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ በየመስኩ የሞተ ቀንድ አውጣ አይተው፣ ፕሮፖዛላቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ወደ ሌላ ሥራ የሄዱ ስንት ናቸው ብዬ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

የቡታጅራውንም ባጭሩ ልጥቀስ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በቡታጅራ አካባቢ በ10 ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መመዝገብ ጀመረ። ምዝገባው ሳይቋረጥ ለዓመታት በመቀጠሉ፣ ብዙ ወጣት የጤና ተመራማሪዎች የዶክትሬት ሥራቸውን ከባዶ መሬት ሳይሆን ከተዘጋጀ መረጃ ላይ ተነስተው መሥራት ቻሉ። ለአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ተከታታይ ትውልዶች የሚቆሙበትን ቦታ ማዘጋጀት ይሻላል የምለው ከዚህ በመነሳት ነው።

ወደ ማስተማሩ ልመለስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገራችን የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ሁላችንም ኤችዲፒ የምንለው የመምህራን የማስተማር ሥልጠና፣ ለብዙዎቻችን ስለ ማስተማር በሥርዓት የተወያየንበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነው። እኔ የገባሁበት መምህር ከሆንኩ ከ6 ዓመት በኋላ ነበር። ከሥልጠናው አንዱ ክፍል ባልደረባ ክፍል ገብቶ እንዲያይ የሚያደርግ ነው። አንዲት የሒሳብ መምህርት የክፍሌን የመቀመጫ ንድፍ በወረቀት ሥላ ከኋላ ተቀመጠች፤ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር በንድፉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሲያልቅ ወረቀቱን አሳየችኝ። ከ50 ደቂቃ 41ዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከ62 ተማሪዎች የተናገሩት 5 ብቻ ናቸው፤ አምስቱም በፊተኞቹ ሁለት ረድፎች የተቀመጡ ወንዶች። ከዚያ ውጭ ያለው ወረቀት ንጹሕ ነበር። መምህርቷ ምንም አስተያየት አልጨመረችበትም፤ እኔም ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አላጣሁትም።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዝም አልኩ፤ ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር በመረጣችሁት ቋንቋ 3 ደቂቃ ተወያዩና በእንግሊዝኛ መልሱልኝ አልኳቸው። ጥያቄው ስለ ዋልካ አፈር ነበር። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሳች፤ በሴሚስተሩ ውስጥ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባቷ ዋልካውን ማሳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስለሚተኛበት ትቶት፣ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ እንደሚዘራበት፣ ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ በሬ ማረስ እንደሚያቅተው በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳች። እኔ 6 ዓመት ከሃንድአውት ስገለብጠው የኖርኩትን ልጅቷ ከቤቷ ይዛው መጥታ ነበር። የእርሷ መልስ በኋላ ለአንዱ የምርምር ሥራዬ መነሻ ሆነ። ስለዚህ ማስተማር የምርምርን ጊዜ ይሻማል የሚለው አነጋገር ሲደጋገም ስሰማ አልቀበለውም፤ የሚሻማው ሰሌዳ ላይ መገልበጡ ነው።

ኤችዲፒን ሳመሰግን ያልተስተካከለውንም መናገር አለብኝ። ሥልጠናው በብዙ ቦታ ከሙሉ የማስተማር ጫና በላይ፣ ሰው ከደከመ በኋላ የሚሰጥ ነው። ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ሠልጣኙ ሥራዎቹን የሚያሰባስብበት ማኅደር፣ በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጦ ይሞላል፤ የምስክር ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቶ የሚያይ የለም። ሥልጠናው ያበቃበት ቀን የባልደረባ ድጋፍ የሚጀመርበት ቀን መሆን ነበረበት።

ሌላው የሚያሳስበኝ የኅትመት ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባልደረባዬ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ጽሑፉን በ7 ቀን ውስጥ እንደሚያትምለት ቃል የሚገባና ክፍያውን በዶላር የሚጠይቅ ኢሜይል አሳየኝ። ልጁ ገና ሌክቸረር ነው። ለማዕረግ እድገት የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ጽሑፉን አንብቦ «ይህ ገና ነው፣ ይህ ደግሞ ጥሩ ነው» የሚለው ሰው ግን የለውም። እንዲህ ያሉ መጽሔቶች የሚበሉት ብቸኛውን ሰው ነው። የ2 ዓመት ድካሙን በዚያ ጥሎት ቢሆን ኖሮ በስሙ ላይ ለዘለቄታው የሚቆይ ጉዳት ይሆንበት ነበር። አብረን ተቀምጠን ጽሑፉን ለ3 ቅዳሜዎች ሠራንበት፤ አሁን በደንብ በሚገመገም የአገር ውስጥ መጽሔት እጅ ይገኛል።

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ነባር መምህር ለአንድ ጀማሪ በሳምንት የሚሰጠው 2 ሰዓት በሥራ ጫናው ላይ እንደ ማስተማር ይቆጠርለት። በመጀመሪያው ዓመት ጀማሪው አንድ ኮርስ ይቀነስለትና የባልደረቦቹን ክፍል እየገባ ይይ። የምርምር ገንዘብ የሚለቀቅበት ጊዜ የመስኩን ሥራ ወቅት ይከተል፤ ዝናብ የእኛን የግዥ ሂደት አይጠብቅም። የማዕረግ እድገት ኮሚቴው የታተሙትን ጽሑፎች ከመቁጠር አልፎ አንድ ሰው እንዴት እንደሚያስተምር የሚያሳየውን ማስረጃ ያንብብ። እናት የሆነች ባልደረባችን ሕጉ የፈቀደላትን 120 ቀን ጨርሳ ስትመለስ በሌለችበት የተዘጋ የምርምር ጥሪ እንዳይጠብቃት፣ የጊዜ ገደቡ ለእርሷ እንዲራዘም ይወሰን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በየስብሰባው ይነሳል፤ በቃለ ጉባኤም ይሰፍራል፤ እስካሁን ግን አልተፈጸመም።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ መንገድ ከሄደ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ለውጥ ራስ ገዝ ስንሆን እናደርገዋለን ማለት ለምደናል። 8 ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ሲለዩም፣ ምርምር የእነርሱ ድርሻ ነው ያልን አለን። አንድ ነባር መምህር ከአንድ ጀማሪ ጋር እንዲቀመጥ ለማድረግ ግን አዋጅም መጠሪያም አያስፈልግም፤ የሴኔት ውሳኔና የትምህርት ክፍል ኃላፊ ፈቃድ ይበቃል።

ከዚህ ጉባኤ በኋላ ለየትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይታደላል። በግራው ዓምድ ዘንድሮ የተቀጠሩት የ34 ወጣቶች ስም ተጽፏል፤ የቀኙ ዓምድ ባዶ ነው። የእኔን ስም ዛሬ ጠዋት በአንደኛው መስመር ላይ ጽፌያለሁ። አዲስ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ክፍል 107 ውስጥ ስለ አፈር አፈጣጠር አስተምራለሁ፤ በሩ ክፍት ነው። ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ፤ የመቀመጫ ንድፉን አዘጋጅላችኋለሁ። ስንት ደቂቃ እንደተናገርኩና ከተማሪዎቼ እነማን እንዳልተናገሩ ምልክት አድርጋችሁ፣ ከክፍል ስንወጣ ንገሩኝ።

አመሰግናለሁ።