ምስማሩ የት ይመታ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ደቡብ አውስትራሊያ፣ ፍሊንደርስ ተራሮች ውስጥ ኢኖራማ የሚባል ጅረት አለ። እዚያ ድንጋዩ ላይ ክብ የነሐስ ምልክት ተተክሏል፤ የአንድ ዘመን መነሻ የሚታወቅበትን እንዲህ ያለ ምልክት ነው «ምስማር» የምለው። ኤዲያካራን የተባለው የምድር ዘመን የሚጀምረው እዚያ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ለምን እዚያ? ከሥር ያለው ድንጋይ የበረዶ ግግር ጥሎት የሄደው ነው፤ ጭቃ፣ አሸዋና ጠጠር የተደባለቀበት። በላዩ ድንገት ዶሎማይት የሚባል፣ የኖራ ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ ይመጣል። በድንጋዩ ውስጥ የቀረው መግነጢስ እንደሚያሳየው ደግሞ ቦታው ያኔ ለምድር ወገብ ቅርብ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በምድር ወገብ አጠገብ፣ እስከ ባሕር ወለል ድረስ በረዶ! በረዶው ሲቀልጥ የባሕሩ ኬሚስትሪ ተለወጠ። ያ ዶሎማይት ናሚቢያም፣ ቻይናም፣ ካናዳም ተነጥፏል። ዕድሜው 635 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እኔ ድንበር የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ፣ ሌላ አህጉር ላይም የሚገኝ።

ከኤዲያካራን በፊት ያለው ክራዮጂኒያን የተባለው ዘመን ግን መነሻው ላይ ምስማር አልተመታለትም። መጀመሪያ 850 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ በቁጥር ብቻ ተወሰነ። የዘመኑ የመጀመሪያው ታላቅ በረዶ የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ መሆኑ ሲታወቅ ወደ 720 ሚሊዮን ገደማ ተዛወረ። የ130 ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ነጋሽን ሁላችሁም በመስጊዱ ታውቁታላችሁ። እዚያው አካባቢ፣ የተምቤን ንብብር በሚባለው ድንጋይ አናት ላይ፣ የዚያ የመጀመሪያው በረዶ ጠጠር አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ በኖራ ድንጋዩ መሃል ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ይገኛል። አመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ደቃቅ ማዕድናት አሉ። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም ቀስ እያለ እርሳስ ወደሚባለው ብረት ይለወጣል። ሁለቱን ስንለካ ዕድሜው ይወጣል። የትግራይ ድንጋይ በረዶው የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ተናግሯል። ካናዳ ከተገኘው ጋርም ይገጥማል። በዚህ በጣም እኮራለሁ።

የክራዮጂኒያንን ምስማር እዚህ ለመምታት ግን አንድ ችግር አለ። በረዶ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ይፍቃል። የተፋቀ ቦታ ላይ የጊዜ ገጾች ይጎድላሉ፤ ምስማር አይመታበትም። ስለዚህ ነጋሽ ስትሄዱ መጀመሪያ ጠጠሩን አትዩ። የኖራ ድንጋዩ የሚያልቅበትን መስመር ፈልጉ፤ ተፍቋል ወይስ ሳይቋረጥ ይሸጋገራል?