በ1 ዶላር የተገዛው አጥቂ፦ የሆኪ ክለቦች ርካሽ ተጫዋች ለምን ያሳድዳሉ?

[ምስል፦ ቀይ የዲትሮይት ማሊያ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር 33]

በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 1993 የዲትሮይቱ የበረዶ ሆኪ ክለብ ሬድ ዊንግስ ከካናዳው ዊኒፔግ ጄትስ አንድ አጥቂ ወሰደ። ዋጋው 1 ዶላር ነበር። አዎ፣ አንድ ዶላር፤ ለወጉ ያህል የተቀመጠ ሒሳብ። ዊኒፔጎች ልጁ አላሳሳቸውም። በሦስት የውድድር ዘመን ያሰለፉት 20 ጨዋታ ብቻ ነው።

ልጁ ክሪስ ድሬፐር ይባላል። የቶሮንቶ ልጅ ነው፣ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ዲትሮይት ውስጥ 17 የውድድር ዘመን ተጫወተ። ከ1,100 በላይ ጨዋታ አደረገ። የሊጉን ሻምፒዮን ዋንጫ፣ ስታንሊን፣ 4 ጊዜ አነሳ።

ዛሬ የምናየው እንዲህ ዓይነቱን ዝውውር ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የዝውውር ቀነ ገደብ ሲደርስ ሁሉም ሰው ስለ ኮከቦቹ ያወራል። «እገሌ ክለብ አንድ አጥቂ ጨመረ» የምትለዋን አጭር ዜና ማንም አያነባትም። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

[ምስል፦ ሜዳው ከላይ ሲታይ]

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ካልጋሪና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ይቺን ብታልፏትም ችግር የለም።

በረዶው ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ይቆማል። ለጨዋታው ማሊያ የሚለብሰው ግን 20 ነው። ብዙውን ጊዜ 12ቱ አጥቂዎች ናቸው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይከፈላሉ። ለቅያሪ ገደብ የለውም፣ ጨዋታውም አይቆምም። አንድ አጥቂ ለ45 ሰከንድ ገደማ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ፣ አጥሩን ዘሎ ይወጣል። ሌላው ይገባል።

እግር ኳስ ላይ ምርጡን ሰው 90 ደቂቃ ሙሉ ማሰለፍ ይቻላል። ሆኪ ላይ አይታሰብም። ኮከቡ አጥቂ ከ60 ደቂቃው 20ውን፣ ግፋ ቢል ትንሽ በለጥ አድርጎ ቢጫወት ነው። የቀረውን ሰዓት ሌላ ሰው መሸፈን አለበት። አራተኛው መስመር የሚባለው እዚያ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል።

ታዲያ በ10 ደቂቃ ምን ይሠራል?

[ምስል፦ ዳኛው ፓኳን ሊጥል ሲያጎነብስ፣ በዝግታ]

እዚህ ጋ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። አንድ ተጫዋች ጥፋት ሠርቶ ለ2 ደቂቃ ወጥቷል። ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎበታል። ተጋጣሚው ጎል የሚያውቁትን አምስቱን ምርጦች አስገብቷል። አሰልጣኙ ያን ጊዜ ዞር ብሎ የሚፈልገው እንደ ድሬፐር ያለውን ሰው ነው።

ዳኛው ፓኳን፣ በሆኪ የኳስን ቦታ የያዘችውን፣ በሁለት ሰዎች መሐል ይጥላታል። ድሬፐር ጎንበስ ብሏል፤ ዱላውን ወደ ታች ጨብጧል፤ ዓይኑ የዳኛው እጅ ላይ ነው። ፓኳን ነጥቆ ወደ ኋላ ለራሱ ተከላካይ ካወጣት፣ ተከላካዩ እስከ ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ይልጋታል። በሌላ ጊዜ ይህ ጥፋት ተብሎ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ሰው ለጎደለበት ቡድን ግን ተፈቅዷል። ተጋጣሚው ሄዶ አምጥቷት እንደገና እስኪደራጅ ከ120ው ሰከንድ 20 ገደማ ሄደ ማለት ነው።

ፓኳን ከተነጠቀ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የተተኮሰችውን በእግሩና በጎኑ ይጋርዳል። ፓክ ማለት 170 ግራም ያህል የምትመዝን የደነደነች ጎማ ናት። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር ፊቷ መጋደም ቀላል አይደለም።

2ቱ ደቂቃ አለቀ፣ ጎል አልገባም። የጎልና የማቀበል ሠንጠረዡ ላይ ለዚህ ሰው የሚጻፍለት ምንም ነገር የለም። ደመወዝ ሲደራደር ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ሠንጠረዥ ነው። ዋጋው የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቀልጠፍ ያለ አለቃ ያለው ክለብ ይህንን ክፍተት ያውቀዋል።

[ምስል፦ የ1996 እና የ1997 የጨዋታ ቁርጥራጮች]

ወደ ዲትሮይት እንመለስ። በ1995-96 ሬድ ዊንግስ በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ በሊጉ ታሪክ ያን ያህል ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። ከኮከቦቹ አይዘርማን አለ፣ ፌዶሮቭ አለ፣ ሊድስትሮም አለ። አሰልጣኙ ስኮቲ ቦውማን ነው። ዋንጫው ግን አልመጣም። የሊጉ የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ላይ ኮሎራዶ አስቀራቸው።

በዚያው ዙር ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የኮሎራዶው ክሎድ ለምዩ ድሬፐርን ከኋላ ገፍቶ ፊቱን ከአጥሩ ጋር አላተመው። መንጋጋው፣ አፍንጫውና የጉንጩ አጥንት ተሰበሩ። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ምግቡን በስትሮ እየሳበ ከረመ። የሁለቱ ከተሞች ጠብ ከዚያ ወዲህ ነው የጦፈው። ማርች 26 ቀን 1997 የዲትሮይቱ ዳረን ማካርቲ ለምዩን በረዶው ላይ ደበደበው። በዚያው ምሽት ተጨማሪ ሰዓት ላይ 6 ለ 5 ያሸነፉበትን ጎል ያገባውም እሱ ነው።

ሰው የሚያስታውሰው ያንን ድብድብ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የቡድኑ የታችኛው ክፍል ተሠርቶ ነበር። በማርች 1996 ከርክ ማልትቢን ከኤድመንተን በልውውጥ አመጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆ ኮሰርን አስፈረሙ፤ ኮሰር ያኔ ክለብ አጥቶ ከአማተሮች ጋር ነበር የሚጫወተው። ድሬፐርን መሐል አድርገው ሦስቱን አጣመሯቸው። «ግራይንድ ላይን»፣ ፈጪው መስመር እንደማለት፣ የሚል ስም ወጣላቸው። ሦስቱንም ሌላ ክለብ ብዙም አልፈለጋቸውም ነበር።

የ1997 የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ከፊላደልፊያ ጋር ነበር። ፊላደልፊያ 1 ሜትር ከ93 የሚሆን ግዙፉን ኤሪክ ሊንድሮስን ይዟል። የዲትሮይትን የመጀመሪያ ጎል ማን አገባ? ማልትቢ፣ ከድሬፐር ተቀብሎ። ያውም አንድ ሰው ጎድሎባቸው! በዚያው ጨዋታ ኮሰርም አገባ። 4 ለ 2 አሸነፉ። ከዚያ ሦስቱን ጨዋታ ደገሙና በአራት ቀጥተኛ ድል ጨረሱት። ዲትሮይት ዋንጫ ካየች 42 ዓመት ሆኗት ነበር።

ድሬፐር በዚህ አላቆመም። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ አጥቂ የሚሸለመውን የሴልኪ ሽልማት ወሰደ። በዚያ ዓመት 24 ጎል አግብቷል። በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይም ለካናዳ ተሰለፈ።

[ምስል፦ የታምፓ ሰማያዊ ማሊያ]

ከ2005 ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከረረ፤ ሊጉ የአንድ ክለብ ጠቅላላ ደመወዝ የማያልፈው ጣሪያ አወጣ። በ2025-26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዝቅተኛው የተጫዋች ደመወዝ ደግሞ 775 ሺህ ነው፤ ከጣሪያው 1 በመቶ አይሞላም። ለኮከቦቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚከፍል ክለብ ሒሳቡን የሚያቻችለው ከታች ባሉት ነው። ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር አጥቂ ወርቅ ሆነ።

ታምፓ ቤይን እዩት። በ2018-19 እሱም 62 አሸነፈ፤ የዲትሮይትን ሪከርድ ተጋራ። ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ 4 ለ 0 ጠርጎ አስወጣው። ሲበዛ የሚያሳምም ሽንፈት ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 ሁለት አጥቂ ጨመሩ፦ ብሌክ ኮልማንን ከኒው ጀርሲ፣ ባርክሌይ ጉድሮውን ከሳን ሆዜ። ጉድሮው ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት በድራፍት እንኳን ያልተመረጠ ልጅ ነው። ደመወዙ 925 ሺህ ዶላር ነበር።

በደመወዝ ርካሽ ይሁን እንጂ ታምፓ ለእሱ የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድሉን ሰጥቷል። ለሦስተኛ መስመር ሰው ይህ ከባድ ዋጋ ነው። እኔ ግን ልክ ነበሩ እላለሁ። የከፈሉት ለሰውዬውና ጣሪያው ላይ ለተረፈላቸው ቦታ ነው። ሁለቱ ያኒ ጉርድ ከሚባለው ሌላ አጥቂ ጋር ተጣመሩ፤ ታምፓ በ2020ም በ2021ም ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚያ ዋጋቸው ናረ። በ2021 ክረምት ሦስቱም ሄዱ። ጉድሮው ከኒው ዮርክ ሬንጀርስ ጋር ለ6 ዓመት ፈረመ፤ በዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ልጁ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው፣ ደመወዙ ግን ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ። በ2023-24 መደበኛ ውድድር 80 ጨዋታ አድርጎ 4 ጎል ብቻ አገባ። ጥሎ ማለፉ ሲመጣ በ16 ጨዋታ 6 አስቆጠረ፤ አንዱ ፍሎሪዳን በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፉበት ነው።

ሬንጀርስ ግን ጣሪያው ጠቦበት በዚያው ጁን ወር ለማንም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። በ2020 በመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድል የሸጠው ሳን ሆዜ እጁን አወጣና ያለምንም ልዋጭ መልሶ ወሰደው።