በሞቴ፣ ይቺን ብቻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ድምፄን የምቀዳው ከጓሮ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። የጎረቤት ኤሲ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ ይቅርታ። ሂዩስተን በነሐሴ ያለ ኤሲ አይኖርም። ውጭ የወጣሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አጠገቤ አንዲት አበባ አለች። የምታውደው ደግሞ ሲመሽ ነው።

ሴላዲን ትባላለች። የፕሉሜሪያ ዓይነት ናት። ፍራንጂፓኒ ብላችሁ የምታውቋትም ትኖራላችሁ። የአበባዋ ቅጠሎች አምስት ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ደረብ ብሎ። መሃሏ የእንቁላል አስኳል ነው የሚመስለው፣ ጠርዟ ነጭ። እዚህ ለመድረስ የሄድንበትን መንገድ ነው ዛሬ የማወራችሁ። ያው፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የኔ ነው።

የመጀመሪያዋን እንጨት የሰጠችኝ አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። እነሱ ካላቹቺ ይሏታል። በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ክንድ የምታህል ዱላ አመጣችልኝ። ቅጠል የላት፣ ሥር የላት። «ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አጋድማት፣ ትድረቅ። ከዚያ ትከላት። ከዚያ እርሳት» አለችኝ።

ትድረቅ? ከእናቷ ግንድ ተቆርጣ የመጣች ነገር ውሃ ይጠማታል እንጂ እንዴት ትድረቅ ይባላል? እሺ ብዬ ተቀበልኩና ያኑ ማታ ተከልኳት። በየቀኑ አጠጣሁ። ጠዋት አጠጣሁ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ አጠጣሁ። ባህል ነው መሰለኝ። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልን እናጎርሰዋለን። እኔም በሞቴ እያልኩ አጠጣኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ነካ ሳደርጋት እንደበሰለ ሙዝ ጣቴ ሰመጠ። ስነቅላት ታቿ ጠቁሮ በስብሷል። በኋላ ነው የገባኝ። እንጨቷ የራሷን ውሃ ይዛ ነው የምትመጣው። ሥር ስለሌላት እኔ የማፈስላትን መጠጣት አትችልም። የተቆረጠው አፏ ደርቆ ካልተዘጋ ደግሞ በዚያው በኩል መበስበስ ይገባል። በደግነት ነው የገደልኳት ማለት ነው።

ለባልደረባዬ ስነግራት ሳቀች። ሁለተኛ አመጣችልኝ። «አሁንም ውሃ ካበዛህ ሦስተኛ የለም» አለችኝ፣ ጣቷን ቀስራ።

ሁለተኛዋን ስቀበል ከቁስሏ ነጭ ወተት ይወርድ ነበር፤ ልክ እንደ ቁልቋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ሳነብ ገርሞኝ ነው። ፕሉሜሪያ ከቁልቋል ጋር ዝምድና የላትም። ዘመዷ አጋም ነው! አዎ፣ ልጅ ሆነን እሾሁ እየቧጨረን ፍሬውን የምንለቅመው አጋም። አጋምም ሲቆረጥ ያነባል፣ አበባውም ያውዳል። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን አይደል? ይቺ እንግዲህ የአጋም ወገን ሆና እንደ ቁልቋል የምታለቅስ ናት። በነገራችን ላይ ወተቷ ቆዳ ያሳክካል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጣጣ ነው። ስትቆርጡ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን እንዳትነኩ።

በዚህኛው ዙር እንደተባልኩት አደረግሁ። ሁለት ሳምንት አደረቅኋት። ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ፐርላይት (አፈር ውስጥ የሚደባለቅ ነጭ ቀላል ጠጠር)፣ ትንሽ ማሰሮ። አንዴ አጠጣሁና ተውኩ። ከባዱ ነገር መተው ነው። ሥር እስክታወጣ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ እስከዚያ ምንም አይታይም። ሞታ ይሆን ብዬ በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት፣ አረንጓዴ። በሳምንቱ እንደገና ጫር። ምስኪን፣ ፊቷ ሁሉ የጥፍር ምልክት ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ጫፏ ላይ የጥንቸል ጆሮ የመሰሉ ሁለት ቅጠሎች አየሁ። ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። አልተደሰተችም።

የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ ሲመጣ ቅጠሏ ረገፈ። ይሄ ተፈጥሮዋ ነው፣ ብርድ ሲሆን ትተኛለች። ያን ጊዜ ውሃ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም። ጋራዥ ውስጥ አስገባኋት። እማዬ ያኔ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጋራዡን ስታይ «ማገዶ ነው?» አለችኝ። አበባ ነው አልኳት። እንጨቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ወደ ቤት ገባች።

እማዬ አርሲ፣ ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ በጋ መጨረሻ ላይ ቅጠሏ ከጀርባው ብርቱካንማ ዱቄት አወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ቆየሁ። በስልክ ቪዲዮ ለእማዬ ባሳያት በአንድ ሰከንድ፣ «ዋግ ነዋ!» አለች። የስንዴው ዋግ ራሱ አይደለም፤ የፕሉሜሪያ የራሷ ዋግ ነው። ግን ወገኑ አንድ ነው። «የታመመውን ቅጠል ልቀምና አርቀህ ጣል» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ማታ ማታ ቅጠሏን ውሃ ማልበስም አቆምኩ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 መጣ። ቴክሳስ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሂዩስተን ውስጥ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ወረደ። መብራት ጠፋ። ውሃ ጠፋ። እኛ አራት ሆነን በአንድ አልጋ ላይ ጋቢ ደርበን ተኛን። ስለ እንጨት ያሰበ የለም። ጋራዡን የከፈትኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ወገቤ ድረስ ትደርስ የነበረችው ተክል ጫፏ ጠቁሮ ተጨማዷል።

ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። «ቁረጥ» አለችኝ። እስከ የት? «ወተት እስኪወጣ።» ቆረጥኩ፣ ውስጡ ቡናማ። ዝቅ ብዬ ቆረጥኩ፣ አሁንም ቡናማ። ስንዝር ተኩል ሲቀር ነው ነጭ ወተት ያነባችው። ለቅሶ አይቼ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ። ለኔ ነው፣ ለእሷ አይደለም።

ሰው ፕሉሜሪያ ሲባል ሃዋይን ነው የሚያስበው፣ አንገት ላይ የሚጠለቀውን የአበባ ጉንጉን። ሴላዲን ከተቀጠፈች በኋላ ቶሎ ስለማትጠወልግ ለጉንጉኑ ትመረጣለች። ግን ሃዋይ ላይም እንግዳ ናት። የፕሉሜሪያ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ ሃዋይ በ1860 እ.ኤ.አ. ያስገባት ሂሌብራንድ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እዚያ ብዙ መቃብር ቦታዎች ላይ ስለተተከለች «የመቃብር ቢጫ» የሚል ቅጽል አላት። ፊሊፒንስም እንደዚሁ። የባልደረባዬ አያት ቤት አጠገብ አታስተክልም ነበር አሉ። ይህን ለእማዬ ስነግራት፣ «ታዲያ ጽድስ? ቤተ ክርስቲያን መቃብሩን ሞልቶት የለም? ለገና ቤታችን እያስገባን አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ያበበችው ከቅዝቃዜው ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ ላይ ነው። ጫፏ ላይ መጀመሪያ ጥፍር የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ ቀስ እያለ ተዘረጋ። አንዱ ሲረግፍ ሌላው እየፈነዳ ሳምንታት ቆየ። አበባው ሲያልቅ ያ ጫፍ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በተራው ያብባል። አሁን አምስት ጫፍ አላት።

ስለ ሽታዋ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ማታ የምታውደው ትልልቅ የእሳት እራቶችን ለመጥራት ነው። እነሱ ምላሳቸውን ዘርግተው ከአበባ አበባ ይዞራሉ። ማር ግን የላትም። ምንም! በር ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት አቁማ፣ ውስጥ ጠላ የሌላት ቤት በሏት። ደንበኞቹ ባዶ ሆዳቸውን ዞረው ዞረው፣ ሳያውቁት የአበባ ዱቄቷን አዳርሰውላት ይሄዳሉ።

ትናንት ማታ ለእማዬ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል፣ ቡና እያፈላች ነው። ስልኩን አበባው ላይ ደቅኜ፣ ተመልከቺ አልኳት።

«ታምራለች። ሽታዋ ምን ይመስላል?»

«ሎሚ።»

«ሎሚ ብቻ?»

«ሎሚ አይደለም። የሎሚ ልጣጭ… ትንሽ ማር ያለበት።»

«አሪቲ አሪቲ ይላል?»

«አይልም።»

«ናርዶስ?»

«ወደዚያ ጠጋ ይላል። ግን አይደለም።»

«ኤጭ! አንተ ደግሞ» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ያቺ ማገዶዋ ናት አይደል?» አለች።

አዎ አልኳት። ከዚያ ቡናዋ ገነፈለና ስልኩን ዘጋችብኝ።

በሉ፣ ትንኙም በዛብኝ፣ ልግባ። ቸር ሰንብቱ።